ፒኤስ 4 ወይስ ፒኤስ 5? ጌም ቤት ለመክፈት ያሰባችሁ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሐይቅም ሆነ ውጫሌ፣ ጓደኛሞች ብር አዋጥተው ጌም ቤት ለመክፈት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው። አንዱ "የፒኤስ 5 ግራፊክስ ሌላ ነው" ይላል። ሌላው "ሰው ለግራፊክስ ነው እንዴ የሚመጣው?" ብሎ ይመልሳል። ብሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእቁብ ነው፣ ወይ እህት ዓረብ አገር ለፍታ የላከችው። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሦስት ነገር እንይ፦ ጨዋታው፣ ዋጋው፣ ዕድሜው።

1. ስሙ አንድ፣ ጨዋታው ሁለት

ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አንድ ስለሆነ ውስጡም አንድ ነው ማለት አይደለም። ፊፋ 17 ፒኤስ 4 ላይ በአዲስ ኢንጂን ተሠርቶ፣ የአሌክስ ሃንተርን ታሪክ ይዞ ነው የመጣው። ፒኤስ 3 ላይ ሁለቱም አልነበሩም። ፊፋ 18 እና 19 ደግሞ ፒኤስ 3 ላይ የድሮው ጨዋታ ነበሩ፤ የተቀየረው በዋናነት የተጫዋቾች ዝርዝርና ማሊያ ነው።

አሁንም ታሪኩ ያው ነው። ኢኤ ለፊፋ 22 ብሎ 22 ተጫዋቾችን ሴንሰር ያለው ልብስ አልብሶ እውነተኛ ጨዋታ አጫወተ፣ እንቅስቃሴያቸውንም ወደ ጌሙ አስገባ። ሃይፐርሞሽን የሚሉት ይህንን ነው። ፒኤስ 5 አገኘው፣ ፒኤስ 4 ቀረበት።

ስለዚህ ልዩነቱ እውነት ነው። ጥያቄው ልዩነቱ ብር ያመጣል ወይ ነው። ጌም ቤት የሚገባ ልጅ የሚከፍለው ጓደኛውን ለመርታት ነው። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ጆይስቲኩን አይለቅም፣ ከኋላ የቆመው ተረኛ ደግሞ ይተርባል። ይህ ሁሉ በፒኤስ 4 ይሟላል። ደንበኛው "አዲሱ ዝውውር ገብቷል?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ ስለ ሣሩ ጥራት ብዙም አይጨነቅም።

2. ዋጋው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ሄደ

ፒኤስ 2 እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ገበያ ሲገባ 299 ዶላር ነበር። በ2009 ግን 99 ዶላር ወርዷል። በዓለም 160 ሚሊዮን ገደማ የተሸጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኛ ጋ ኮንሶል የሚደርሰውም ዋጋው ሲወርድና ያገለገለው ሲበዛ ነው።

ፒኤስ 5 ይህንን መንገድ አልተከተለም። በ2020 ዲስክ የሚቀበለው 499 ዶላር ነበር። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2025፣ ሶኒ አሜሪካ ላይ 50 ዶላር ጨመረበት።

በዚህ ላይ የኛ ብር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። እናስላው፦ 499 በ57 ሲባዛ ወደ 28,400 ብር፤ 549 በ130 ሲባዛ ወደ 71,400 ብር። ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ገና አልተጨመረም።

ለምሳሌ አንድ ጨዋታ 20 ብር ታስከፍላላችሁ እንበል። 71,400 ብር ለመመለስ 3,570 ጨዋታ ያስፈልጋል። የቤት ኪራይ፣ መብራትና የሚሰበር ጆይስቲክ ሳይታሰብ ማለት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ቆጠራው ይቆማል። ደንበኛው ደግሞ ፒኤስ 5 ነው ብሎ እጥፍ አይከፍላችሁም።

3. የፒኤስ 4 ዕድሜም እያለቀ ነው

"በቃ፣ ፒኤስ 4 ይሁና" ከማለታችሁ በፊት ይህቺን ቁጠሩ። ፒኤስ 2 በ2000 ወጣ፣ የመጨረሻው ፊፋ የመጣለት በ2013 ነው (ፊፋ 14)። ፒኤስ 3 በ2006 ወጣ፣ የመጨረሻው ፊፋ በ2018 (ፊፋ 19)። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት። ፒኤስ 4 የወጣው በ2013 ነው። በ2025 ኤፍሲ 26 ወጥቶለታል፤ ግን አሁን ያለበት ዕድሜ ፒኤስ 3 የተሰናበተበት ዕድሜ ነው።

አዲስ ጌም መምጣቱ ሲቆም ኮንሶሉ አይሞትም፤ የሚቆመው ዝውውሩ ነው። የደንበኛው የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ እሱ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ፒኤስ 5 ዲጂታል የሚባለው ሲወጣ በ100 ዶላር የሚቀንሰው ያለ ዲስክ ማስገቢያ ስለሚሸጥ ነው። ጌሙን ከሶኒ መደብር በኢንተርኔት ማውረድ ግድ ይላል። ኢትዮጵያ ደግሞ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። አካውንቱ በሌላ አገር ስም ይከፈታል፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሬ ነው። ርካሽ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

እኛ እንደምናየው፣ ለኛ ከተማ ዛሬ የሚያዋጣው ያገለገለ ፒኤስ 4 ነው፤ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን የሚመልስ ከሆነ ብቻ። ሦስት ዓመት የሚከፈል ብድር ወስዶ ፒኤስ 4 መደርደር ግን አደገኛ ነው። ፒኤስ 5 ይቆይ፤ ሥራው ከተለመደና ቋሚ ደንበኛ ከተገኘ በኋላ አንድ ይጨመር።

ሌላው ተፎካካሪ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ኮናሚ ፔስን ትቶ በ2021 ኢፉትቦልን በነፃ ለቀቀ፤ በስልክም ይጫወቱታል። ልጁ ቤቱ ሆኖ በነፃ መጫወት እየቻለ ለምን 20 ብር ይዞ ይመጣል? የተሸነፈውን ጓደኛውን ፊት ለማየት ነው። ስለዚህ ከኮንሶሉ የተረፈችውን ብር ለጥሩ ወንበር፣ ለሰፊ ስክሪንና ለማይላላ ጆይስቲክ አውሏት።

እናንተ ሰፈር ያለው ጌም ቤት የትኛውን ነው የሚያጫውተው? አንድ ጨዋታስ ስንት ገባ? ጻፉልን።