ዘፈኑ የማን ነው?



የትምህርቱ ዘመን ሊያልቅ ሲል በየመኝታ ቤቱ የታወቀ ክርክር ይነሣል። ፈተናው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ማጥናት የሚገባው ሁሉ መጽሐፉን አጥፎ «የዓመቱ ምርጥ ዘፈን የትኛው ነው?» እያለ ሲሟገት ያመሻል። ዘንድሮም በእኛ ክፍል ስምንት ሆነን እያንዳንዳችን አሥር አሥር ዘፈን በወረቀት ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። እኔም እንደ ጓደኞቼ ጻፍሁ፤ እንደ ጓደኞቼም ጮኽሁ። በማግስቱ ግን ያን ወረቀት ነቅዬ ወደ ቤት ይዤው ሄድሁ፤ ለአጎቴ ላሳየው ብዬ ነው።

አጎቴ በአንድ ክፍለ ሀገር የፖሊስ ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ትራምፔት የነፋ ሰው ነበር። ነበር የምለው በሚያዝያ ወር ስላረፈ ነው። ያን ጊዜ ለሕክምና መጥቶ እኛ ቤት ተኝቶ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና «ይህ ሁሉ የዘፋኝ ስም ነው፤ ሠሪዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ። ነገሩ አልገባኝም። «ጋሼ፣ የምን ሠሪ?» አልሁት። «ግጥሙን ማን ጻፈው? ዜማውን ማን አወጣው? ማን አቀናበረው? ትራምፔቱን የነፋው ማን ነው? ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ መጽሐፍ ስታነብ የደራሲውን ስም ትተህ የአንባቢውን ስም ትጽፋለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ከአሥሩ ዘፈኖች የሁለቱን አቀናባሪ ብቻ አውቅ ነበር። እርሱም በአጋጣሚ ነው።

እንግዲህ ይህች ጽሑፍ ያችን ወረቀት ማረሚያ ናት። ከአሥሩ አምስቱን ትቼ አምስቱን ይዣለሁ፤ በዚህ ዓመት ደጋግሜ የሰማኋቸው እነዚህ ናቸውና። አብዛኞቹ የቆዩ ሙዚቃዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። ዳሩ ግን ዘፈን ለሰሚው አዲስ የሚሆነው በሰማው ቀን ስለ ሆነ፣ «የዓመቱ» ስል የኔን ዓመት ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ዲስኮቹ በሚታወቁበት በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፣ የዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» ነው። በ1977 በወጣው «ቸ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ ይገኛል። ቃል የለበትም፤ ግን ከቃል በላይ ይናገራል። ሰው ሁሉ ይህን ሙዚቃ ሲሰማ ኃይሉ መርጊያ የሚጫወተውን ኦርጋን ያስታውሳል፤ ማስታወሱም ተገቢ ነው። በዚያው ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን መጫወቱንም ብዙዎች ያውቃሉ። የሙዚቃው ደራሲ ግርማ በየነ መሆኑን ግን በእኛ መኝታ ቤት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ግርማ በራሱ ድምፅ ያስቀዳቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን በብዙ አሥሮች ይቆጠራሉ። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ ከዚያም እዚያው ቀረ። ያ ሁሉ ዜማ ያለው ሰው በዋሽንግተን አካባቢ በቤንዚን ማደያ ሲሠራ ብዙ ዓመት ኖረ። ኃይሉም እንዲሁ እዚያው ቀርቶ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ኃይሉ በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ሲታተም፣ ግርማም በ2017 ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ ሥራ ሲያወጣ ዓለም አጨበጨበላቸው። በመካከሉ ያለፈውን ሠላሳ ዓመት ግን ማን ይመልሳል?

ሁለተኛ፣ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። የማሕሙድን ታሪክ አንባቢ ሳያውቀው አይቀርም፤ ጫማ ጠርጎ ያደገ ልጅ፣ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚጫወቱበት በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲጠፋ «እኔ ልሞክር» ብሎ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። «ኧረ መላ መላ» በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ታተመ፤ በ1986 ደግሞ በቤልጅግ አገር እንደገና ወጥቶ የአውሮፓን ጆሮ ወደ እኛ መለሰ። ድምፁን ለማመስገን አዲስ ቃል የለኝም። አጎቴ ግን «ድምፁን ለጊዜው ተወውና ከሥር ያለውን ስማ» አለኝ። ሰማሁት። ከሥር የሚሄደው ቤዝ ጊታር እንደ ቀስተኛ መንገደኛ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይደክምምም፤ ዘፋኙ ወዲያና ወዲህ ሲል እርሱ መንገዱን አይለቅም። አይቤክስ ባንድ ነው የሚጫወተው። ቤዝ ጊታሩ የጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩ የሰላም ሥዩም መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ዓመት ነው። ይኸው ባንድ በኋላ ሮሃ ተብሎ ለስንቱ ዘፋኝ እንደ ተጫወተ ቢቆጠር፣ የወላጆቻችን የካሴት ሣጥን እኩሌታው የእነርሱ ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ የአሳታሚውንም ነገር ሳላነሣ ባልፍ አጎቴን የበደልሁ ይመስለኛል። ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የተባለ የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ይህን ተላልፎ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነው፤ በመጀመሪያ በሕንድ፣ ቀጥሎም በሊባኖስ። ዐምሃ በ1975 ከአገር እስከ ወጣ ድረስ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አሳትሟል። አንድ ሰው ሕግን ተዳፍሮ ይህን ባያደርግ ኖሮ፣ ዛሬ እኛ በግድግዳ ላይ የምንጽፈው ስም ብዙው አይኖርም ነበር። ዐምሃም ዓለማየሁም በዚያው በ2021 ዓመት ዐረፉ።

ሦስተኛ፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ነው። አንድ ቁራጭ ለይቼ አልመርጥም፤ ሽለላውን ሁሉ መርጫለሁ። ጌታቸው በ1949 በማዘጋጃ ቤት ሙዚቃ ክፍል ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ከተጫወተ በኋላ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገባ። ጦር ሜዳ የሚሄድ ሰው የሚፎክረውን ፉከራ ወስዶ በፈረንጅ መሣሪያ አስጮኸው። አንዳንድ የምዕራቡን ጃዝ የሚያውቁ መምህራኖቻችን «ከአሜሪካኖቹ የሰማው ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በአክብሮት አልስማማም። ሽለላን የሚያውቅ ሰው ትንፋሹ ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም፤ ቃሉን ያስረዝመዋል፣ ይቆርጠዋል፣ መልሶ ይወረውረዋል፤ ይህ የኛው አገር ፎካሪ ነው። ጌታቸው በሽምግልናው ከሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር ሲጫወት እንኳ እነርሱ ወደ እርሱ መጡ እንጂ እርሱ ወደ እነርሱ አልሄደም። በ2016 ዐረፈ። አጎቴ እርሱን ሲሰማ ዝም ይል ነበር፤ ከርሱ ዘንድ ይህ ትልቁ ምስጋና ነው።

አራተኛ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። እማሆይ በፒያኖአቸው የታወቁ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ። እኔ በዚህ ዓመት የሰማሁት ግን ዐርፈው ከቆዩ በኋላ በ2024 የወጣውን፣ ራሳቸው በአማርኛ እያንጎራጎሩ የሚጫወቱበትን ነው። ከ1977 እስከ 1985 ባለው ክፉ ዘመን አዲስ አበባ በቤተ ሰቦቻቸው ቤት በቴፕ የቀዱት ነው። ድምፃቸው የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ለብቻ የሚጸልይ ሰው ድምፅ ነው። ከልጅነታቸው በስዊስ ትምህርት ቤት፣ በወረራው ዘመን በኢጣልያ ግዞት፣ በኋላ በግሸን ማርያም ምንኵስና፣ በመጨረሻም በኢየሩሳሌም ገዳም ያለፈው የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሕይወት በዚያች ቴፕ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እዚህ ላይ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ጣቱም፣ ድምፁም የአንድ ሰው ነው። ይህም ሆኖ ወጣቱ ሁሉ የሰማቸው ፈረንጅ ካሳተመልን በኋላ ነው። በዚህ እኔም ከወቃሾቹ ሳልሆን ከተወቃሾቹ ወገን ነኝ።

አምስተኛ፣ አስናቀች ወርቁ በክራር የተጫወተችው «ትዝታ» ነው። ይህን ስመርጥ አንድ ጓደኛዬ ያዘኝ። «እንግዲህ ይህ ሕግህን አፈረሰው፤ የትዝታ ደራሲ ማን ነው? የሕዝብ ዜማ ባለቤት የለውም» አለኝ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ሁለት ሌሊት አሳሰበኝ። መልሴ ይህ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሁላችን ርስት ናቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ርስቱ የጋራ ቢሆንም ያረሰው ሰው ይታወቃል። አስናቀች በአገራችን መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ስትሆን፣ ሴት ክራር ይዛ ስትዘፍን «አዝማሪ» እየተባለች በምትናቅበት ዘመን ጣቷን አልሰበሰበችም። ያ የክራር አመታት የርስዋ ነው። ትዝታው የሁላችን ነው፤ ያቺ ትዝታ ግን የአስናቀች ናት።

ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ «ጆሮ ስም አይፈልግም፤ ደስ ካለኝ በቃኝ» ይላል። ጆሮውስ አይፈልግ ይሆናል። እንጀራ ግን ስም ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው ሥራው በስሙ እንዲጠራለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ከገንዘቡ መብት የተለየ መብት ነው። ከገቢው የሚገኘው ጥቅም ደግሞ ካረፈ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ለወራሾቹ ይተላለፋል። ዳሩ ግን ስሙ ያልተጻፈ ሰው በየትኛው ወረቀት ይከራከራል? ሕጉ በር ነው፤ ስሙ ቁልፍ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። አጎቴ በሞተ በሰባተኛው ቀን አንድ የድሮ ባልደረባው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ በየሠርጉ የሚዘፈን አንድ ዜማ አንጎራጎረልንና «ይህን ያወጣው እኮ እርሱ ነው» አለን። እናቴ አላወቀችም ነበር። እኔም በልጅነቴ በዚያ ዜማ ስጨፍር አላወቅሁም። ዜማው በሌላ ሰው ስም ይታወቃል፤ የማንን እንደ ሆነ አልናገርም፤ ያ ሰውም ዜማውን ከሌላ ሰምቶ «የሕዝብ ነው» ብሎ የወሰደው ሊሆን ይችላል። አጎቴ ስለዚህ ነገር ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለም። ያን ወረቀት ሲያነብ «ሠሪዎቹ የት ሄዱ?» ያለው ግን ስለ ሌሎች ብቻ አለመሆኑ አሁን ይገባኛል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በሙዚቃ ምሽቶቻችን አስተዋዋቂው የዘፋኙን ስም ሲጠራ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤት አብሮ ይጥራ፤ ካላወቀም «አልታወቀም» ይበል። «አልታወቀም» የሚለው ቃል ራሱ አንዱን ሰው እንዲጠይቅ ያነሣሣዋል። ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ነገር እንግዳ ቤት አይደለም፤ በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለው የግብፅ ተወላጅ ሙዚቀኛ ባቋቋመው በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር ክራሩ፣ መሰንቆው፣ ዋሽንቱና በገናው ከየአገሩ ተሰብስበው ባንድ መድረክ የተቀመጡት።

ሁለተኛው ድካም የሚጠይቅ ነው። ክረምቱ ሲገባ ሁላችን ወደየአገራችን እንበተናለን። በየከተማው የድሮ ፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት ወይም የቀበሌ ኪነት ሙዚቀኛ የነበረ ሽማግሌ አይጠፋም። ሄዳችሁ ቡና ጠጡና ጠይቁት፤ ማን ምን እንደ ተጫወተ፣ ማን ምን እንዳወጣ ጻፉ፤ ቢቻል ሁለት ሰው አመሳክሩ። በመስከረም ስንገናኝ የሰበሰብነውን በዚሁ ጋዜጣ እናውጣው። እኔ አንድ ስም ይዤ እመጣለሁ፤ የዜማውን ባለቤትነት ከሁለት የድሮ ባልደረቦቹ አረጋግጬ።

በምርጫዬ ያልተስማማ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ ጥላሁን ገሠሠን በመዝለሌ ብቻ ከመኝታ ቤቴ ሊያባርሩኝ የተነሡ አሉ። ይጻፍልኝና እከራከራለሁ። ሲጽፍ ግን የዘፋኙን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይልክልኝ አደራ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ