ልጃችን ከመቶው መካከል የሚለየው በምንድን ነው?



በዚህ እትም የብዙ ወላጆችን እንቅልፍ ስለሚነሳ ጉዳይ ላወያያችሁ ወደድኩ፤ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና። በእኛ በፍስሐ ገነት የጸሎት ርዕስ አቅርቡ ሲባል እናቶች ቶሎ የሚያነሡት የልጃቸውን ፈተና ነው። ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ቢልም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት ከማለፊያው በታች ቀርተዋል። “ልጄ ከጥቂቶቹ አንዱ እንዲሆን ምን ላድርግ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ዳንኤልም ተመርጦ የገባ ተማሪ ነበር

የባቢሎን ንጉሥ ከምርኮኞቹ መካከል ማስተዋል ያላቸውን ወጣቶች አስመርጦ 3 ዓመት እንዲማሩ አደረገ። በመጨረሻ በንጉሡ ፊት ቀርበው ሲጠየቁ ዳንኤልና ጓደኞቹ ከጠቢባኑ ሁሉ 10 እጥፍ በልጠው ተገኙ (ዳን. 1፥20)። ብዙዎቻችን ይህችን “10 እጥፍ” ይዘን ለልጆቻችን እንጸልያለን። መልካም ጸሎት ነው። ነገር ግን ከዚያች ቁጥር በፊት ሁለት ነገሮች አሉ። ዳንኤል አስቀድሞ ራሱን ላለማርከስ ወሰነ (ዳን. 1፥8)። ከዚያም 3 ዓመት ሙሉ ተማረ። ጥበብን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ የተማረው ግን ዳንኤል ነው። በፈተናው ዋዜማ የምናደርገው የአንድ ሌሊት ጸሎት 3 ዓመት ያልተነበበን መጽሐፍ አይተካም።

በንጹሕ እጅ

በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ እንደተሰረዘ የምናስታውስ አለን። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ ስልክ ሳይዙ የሚፈተኑት ኩረጃን ለማስቀረት ነው። “ሁሉም ያደርገዋል” የሚለው ቃል ግን በአማኞች ቤትም ይሰማ ነበር። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችን በኮረጀው ውጤት ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ምን አተረፍን? በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚጠይቀው መምህር አለ፤ ከእርሱም በላይ የሚያይ አምላክ አለ። የክርስቲያን ልጅ ከሌሎች የሚለይበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ይሁን።

ጊዜ እንስጣቸው

ትምህርት በመስከረም ይከፈታል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቡናው ይቀላል። የጌዴኦ ቤተሰብ የዓመት ገቢ በዚያ ለቀማ ላይ ስለሆነ “ልጆቹን አታሰማሩ” ብል ቡናችሁን ማን ይለቅምላችኋል? ነገር ግን አብረን ልናደርጋቸው የምንችላቸው ነገሮች አሉ፦

1. የለቀማውን ቀን እንወስን። ልጆች ቅዳሜ ይልቀሙ፤ የትምህርቱ ቀን ግን አይነካ።

2. ሴት ልጆቻችንን እናስብ። ወንድሟ መጽሐፍ ይዞ ሲቀመጥ እርሷ ውሃ ቀድታ፣ ቆጮ ጋግራ፣ ሕፃን አዝላ፣ ሲመሽ ደክሟት ትተኛለች። ሁለቱም የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው። ወንዱ ልጅ ውሃ ቢቀዳ ክብሩ አይቀንስም። እርሷም ከእራት በኋላ ሁለት ሰዓትና አንድ መብራት ታግኝ።

3. ከ9ኛ ክፍል እንጀምር። የ12ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ ከታች በተማሩት ላይ የቆመ ነው። በመጨረሻው ዓመት ለአስጠኚ የምናወጣው ገንዘብ የጎደለውን መሠረት ሁሉ አይሞላም።

4. ቤተ ክርስቲያን ደጇን ትክፈት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር ይሰጣል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ጥያቄውን እያወቀ ሊደናገር ይችላል። በቢሮ ያለውን ኮምፒውተር በሳምንት አንድ ከሰዓት ለተፈታኞች ብንፈቅድስ? ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወጣቶቻችንስ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑ ይህ አገልግሎት አይደለምን?

ያላለፈው ልጅስ?

ውጤት በተነገረ በመጀመሪያው እሑድ ያለፉት ወደ መድረክ ወጥተው ይመሰክራሉ፤ እናታቸው እልል ትላለች። ደስ ይላል። ያላለፉት ግን በዚያ ቀን ወዴት ናቸው? ብዙዎቹ ቤት ይቀራሉ። ከመቶ ዘጠና የሚሆኑትን የሚያሳፍር ምስክርነት እንዳይሆንብን እፈራለሁ። እግዚአብሔር የረዳው ያለፈውን ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ዮሴፍ እስር ቤት ሳለም እግዚአብሔር ከእርሱ ጋር ነበረ (ዘፍ. 39፥21)።

ለእነዚህ ልጆች በር ሁሉ አልተዘጋም። ከማለፊያው በታች ሆነው የተወሰነውን ነጥብ ላገኙ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሪሜዲያል ትምህርት አለ። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ በእጁ ሥራ የተካነ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ የተከበረ ነው (ምሳ. 22፥29)። በድጋሚ መፈተንም ነውር አይደለም። ልጁ ይህን ለመስማት ግን አስቀድሞ “የኔ ልጅ” የሚል የአባትና የእናት ድምፅ ያስፈልገዋል። “የእገሌ ልጅ አልፎ አንተ ግን!” የሚለው ንግግር ከውጤቱ ይልቅ ይሰብረዋል።

እንግዲህ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በመጪው ውጤት ሰሞን ከማኅበራችሁ ያላለፈ አንድ ልጅ ፈልጉ። ቤቱ ሄዳችሁ ቡና ጠጡ፤ ስለ ነጥቡ ሳይሆን ቀጥሎ ስለሚያደርገው ጠይቁት፤ ጸልዩለትም። እሑድም አብራችሁት ኑ።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይባርክ!