ትልቁ ጨዋታ ስለ ምን ዘገየ?

ባለፈው ሰሞን በአንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ስናልፍ አንድ ጎልማሳ የቤቱን ባለቤት «ጋሼ፥ ያ የሚጠበቀው አዲሱ ጨዋታ መጣ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማን። ባለቤቱም ፈገግ ብሎ «አንተ ልጅ፥ ይህን መጠየቅ ስትጀምር ጢም አልነበረህም፤ ዛሬ ጢምህን ተላጭተህ መጥተህ ትጠይቀኛለህ» ሲል መለሰለት። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ዳሩ ግን መንገዳችንን ከቀጠልን በኋላ ነገሩን ስናወጣ ስናወርደው ቀልዱ እውነት ሆኖ አገኘነው።

ይህ ጉዳይ የልጆች ነገር ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። የቪዲዮ ጨዋታ ዛሬ በዓለም ላይ ከሲኒማ ጋራ የሚፎካከር ታላቅ ንግድ ሆኗል። ሠዓሊው፥ ሙዚቀኛው፥ ደራሲው፥ ተዋናዩና የሒሳብ ዐዋቂው በአንድነት ተሰብስበው የሚሠሩት የእጅና የአእምሮ ሥራ ነው። ታዲያ ሠራተኛው በበዛበት፥ ገንዘቡ በበረከተበት፥ መሣሪያውም በተሻሻለበት በዚህ ዘመን የሥራው ፍሬ ስለ ምን እያደር ራቀ? ይህን ጥያቄ በዛሬው ጽሑፋችን በጥቂቱ ልንመረምረው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚገኘውን ኖቲ ዶግ የተባለውን የጨዋታ መሥሪያ ቤት እንመልከት። ይህ ቤት ክራሽ ባንዲኩት የተባለውን ጨዋታ በ1996 አወጣ። ሁለተኛውን በ1997፥ ሦስተኛውን በ1998፥ የመኪና እሽቅድምድሙን ደግሞ በ1999 አከታተለ። አራት ዓመት፥ አራት ጨዋታ ማለት ነው። ቀጥሎ አንቻርትድ የተባለው ጨዋታ በ2007፥ በ2009 እና በ2011 ወጣ፤ በመካከሉ ሁለት ሁለት ዓመት ገባ። ዘ ላስት ኦቭ አስ የተባለው ደግሞ በ2013 ወጥቶ ሁለተኛው ክፍል የተከተለው በ2020 ነው፤ ይኸውም ሰባት ዓመት ነው። ከዚያም ወዲህ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ይህ ቤት የቀድሞ ሥራዎቹን አድሶ ከማቅረብ በቀር አንድም አዲስ ጨዋታ አላወጣም።

የጢሙ ቀልድ የተነገረበት ግራንድ ቴፍት ኦቶም ታሪኩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሦስተኛው ቁጥር በ2001፥ ቫይስ ሲቲ የተባለው በ2002፥ ሳን አንድሪያስ በ2004፥ አራተኛው ቁጥር በ2008፥ አምስተኛው በ2013 ወጡ። የስድስተኛው ማስታወቂያ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በታኅሣሥ 2023 ነው። በአምስተኛው መውጫ ቀን የተወለደ ሕፃን በዚያ ጊዜ ዐሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። ጨዋታው በ2025 ይወጣል ከተባለ በኋላም ቀኑ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተላለፈ፤ መጀመሪያ ወደ ግንቦት 2026፥ ቀጥሎም ወደ ኅዳር 2026።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው «ሠሪዎቹ ጠግበዋል፤ ሰንፈዋል» ይላሉ። እኛ ግን ይህ የችኮላ ፍርድ ይመስለናል። ሰነፍ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት በሥራ ላይ አያመሽም፤ የጨዋታ ሠራተኞች ግን መውጫው ቀን ሲቃረብ ቤተ ሰባቸውን ትተው በመሥሪያ ቤት እንደሚያመሹ ራሳቸው በየጊዜው የሚያሰሙት አቤቱታ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን በሌላ ስፍራ መፈለግ ይገባል።

አንደኛው ምክንያት የሥዕሉ መጥራት ነው። በ1996 የነበረው የክራሽ አካል 500 ያህል ጥቃቅን ማዕዘኖች ተገጣጥመው ያቆሙት ነበር። ዓይንና ጥርስ ከተሰጠው፥ መዝለልና መሮጥ ከቻለ፥ ተጫዋቹ ከዚህ የበለጠ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ግን ተመልካቹ የፊቱን ሽብሽብ፥ የፀጉሩን ዘለላ፥ የፈረሱ ኮቴ በጭቃው ላይ የሚተወውን ዱካ ካላየ አይረካም። ይህ ሁሉ ደግሞ በራሱ አይበቅልም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊሠራው የግድ ነው። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የተባለው ጨዋታ በ2018 ሲወጣ በሁለት ዲስክ ተከፍሎ የተሸጠ ሲሆን በመሣሪያው ውስጥ ከ100 ጊጋ ባይት የበለጠ ቦታ ይወስድ ነበር። ይህም የመጀመሪያው ክራሽ የተጻፈበት ዓይነት አንድ ሲዲ ሊይዝ ከሚችለው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ሠሪዎቹ እንደ ተናገሩት ለዚሁ ጨዋታ ድምፃቸውንና እንቅስቃሴያቸውን ያዋሱት ተዋንያን 1,200 ያህል ነበሩ።

ነገሩ የሠርግ ድግስን ይመስላል። አንዱ ጎረቤት ሁለት በሬ አርዶ ሲድር ሌላው አራት ያርዳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱ ላለማነስ ድንኳኑን አስፍቶ ሙዚቀኛ ከሩቅ ያስመጣል። እንግዳውም ያለፈውን ድግስ እያስታወሰ የአሁኑን ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ድግስ በየዓመቱ መደገስ የሚቻለው ማን ነው? የጨዋታ ሠሪዎቹም እንደዚሁ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት የባልንጀራውን ድግስ አይቶ የራሱን ያሰፋል፤ ድግሱ በሰፋ መጠን ዝግጅቱ ይረዝማል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብና ገንዘብ የሚወልደው ፍርሃት ነው። ኩባንያዎቹ ወጪያቸውን እንደ ምስጢር ይጠብቁታል። ዳሩ ግን በ2023 የአሜሪካ መንግሥት የማይክሮሶፍትን አንድ ትልቅ ግዢ ለማገድ በፍርድ ቤት ሲከራከር የሶኒ ኩባንያ ወረቀቶች በማስረጃነት ቀረቡ። ምስጢሩ በጥቁር ቀለም ተሰርዞ ነበር፤ ሆኖም ወረቀቱ ሲገለበጥ ቀለሙ ሳይከልለው ቀረና ቁጥሩ ተነበበ። ዘ ላስት ኦቭ አስ ሁለተኛው ክፍል 220 ሚሊዮን ዶላር፥ ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት የተባለው ደግሞ 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተው ኖሯል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። 220 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት አንድ ጨዋታ በ70 ዶላር ቢሸጥ፥ የመሸጫው መደብርም እንደ ልማዱ ከመቶ 30 ቢወስድ፥ ለሠሪው የሚቀረው 49 ዶላር ነው። እንግዲህ ወጪውን ለመመለስ ብቻ፥ ትርፍ ሳይታሰብ፥ አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ሊገዛው ያስፈልጋል። ይህን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ባለሀብት «ይሁን፤ አዲስ ነገር ሞክሩ» ለማለት አይደፍርም። በተሞከረው መንገድ እንዲሄዱለት፥ ጉድለቱ ሁሉ ተነቅሶ እስኪወጣም እንዲያቆዩት ያዛል። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ኮንኮርድ የተባለው የሶኒ ጨዋታ ለዓመታት ተለፍቶበት በነሐሴ 2024 ወጣ፤ ገዢ አጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከገበያ ተነሣ። የሠራውም ቤት በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ሦስተኛው ምክንያት የቀድሞው ጨዋታ አለመሞቱ ነው። በፊት ጨዋታ ተሽጦ ያልቃል፤ ሠሪውም እንጀራው እንዳይቋረጥ ሌላ ይሠራል። ዛሬ ግን አንዱ ጨዋታ በኢንተርኔት እየታደሰ ዓመታትን ይኖራል። አምስተኛው ግራንድ ቴፍት ኦቶ በ2013፥ በ2014 እና በ2022 ለሦስት ትውልድ መሣሪያዎች ተሽጧል፤ የተሸጠውም ቅጂ ከ200 ሚሊዮን አልፏል። ከዚህም ሌላ በ2013 የተከፈተው የኢንተርኔት ክፍሉ ተጫዋቹ ልብሱንና መኪናውን ለማሳመር በሚከፍለው ገንዘብ በየጊዜው ትርፍ ያመጣል። የምትታለብ ላም በደጁ ያለችው ሰው ጊደር ለመግዛት አይቸኩልም።

«ታዲያ የእግር ኳሱ ጨዋታ በየዓመቱ የሚመጣው እንዴት ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በየሰፈሩ ወጣቶች ተሰልፈው የሚጫወቱት፥ ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረውና ከ2023 ወዲህ ስሙ የተለወጠው ጨዋታ፥ ሜዳው ያው ሜዳ፥ ደንቡም ያው ደንብ ነው። በየዓመቱ የሚለወጠው በአብዛኛው ተጫዋቹና ማሊያው ነው። ኮል ኦፍ ዱቲ የተባለው የጦርነት ጨዋታም ከ2005 ጀምሮ ዓመት ሳይዘል የወጣው ልዩ ልዩ ቤቶች ተራ ገብተው ስለሚሠሩት ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ለሚቀጥለው ዓመት ያዘጋጃል። ይህም ፍጥነት የሚገኘው ወይ አሮጌውን በማደስ፥ ወይም ብዙ ሠራዊት በማሰለፍ መሆኑን ያሳያል።

ይህን ስንል ችኮላን ማመስገናችን አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፥ አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1982 ኢ.ቲ. ከተባለው ፊልም የተቀዳውን ጨዋታ ለገና ገበያ ለማድረስ በአምስት ሳምንት አሠርቶ ነበር። ጨዋታው ሳይሸጥ ስለ ቀረ በ1983 ከሌላ ዕቃ ጋራ በኒው ሜክሲኮ በረሃ በቆሻሻ መጣያ ተቀበረ፤ በ2014 ተቆፍሮ ሲወጣም ዓለም ተመለከተው። በቅርቡም የፖላንዱ ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2020 ሳይበስል ወጥቶ፥ ሶኒ ከመደብሩ አንሥቶ እስከ ሰኔ 2021 ድረስ ሳይሸጠው ቆይቷል። ስለዚህ መዘግየት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ይኸውም የሙያው ነገር ነው። ጀማሪ ሸማኔ ስሕተቱን የሚያየው ሸማውን ቆርጦ ባወረደ ጊዜ ነው። ዳሩ ጠበበ፥ ጥለቱ ዘመመ፥ በሚቀጥለው አስተካክለዋለሁ ይላል። ዐሥር ሸማ ያወረደ ሰው ዐሥር ጊዜ ተምሯል። የጨዋታ ሠሪም እንደዚሁ ነው። ከ1996 እስከ 1999 በኖቲ ዶግ የሠራ ወጣት በአራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ጀምሮ አራት ጊዜ ሲጨርስ አየ። ዛሬ ግን አንድ ሥራ ሰባት ዓመት ከፈጀ፥ በ25 ዓመቱ የተቀጠረ ወጣት በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ የሚያያቸው ሥራዎች አምስት ብቻ ይሆናሉ። በነዚያም ሥራዎች ውስጥ የርሱ ድርሻ ምናልባት የአንድ ቤት በርና መስኮት ብቻ ነው።

ይህንንም ቢሆን ለማየት የሚታደለው ሁሉም አይደለም። ድግሱ ካልሰመረ የሚሰናበተው ሠራተኛው ነውና። በጥር 2024 ማይክሮሶፍት ከጨዋታ ክፍሉ 1,900 ሰዎች፥ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሶኒ 900 ያህል ሰዎች ለማሰናበት ማሰባቸውን አስታወቁ። እንዲህ ሲሆን የተበተነው ሰው ብቻ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ሊያስተላልፈው የነበረው ብልኀት አብሮ ይበተናል። ተጫዋቹ የሚያዝነው ስለ ዘገየበት ጨዋታ ነው፤ እኛ ግን ይበልጥ የሚያሳዝነው ሳይጨርሱ የሚያረጁት ባለሙያዎች ነገር ነው እንላለን።

መድኃኒት የለውም ወይ? አለው፤ መድኃኒቱም አዲስ ግኝት አይደለም፤ መጠንን ማወቅ ነው። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጨዋታ አንድ ሰው ብቻውን አራት ዓመት ከመንፈቅ ደክሞ በ2016 አወጣው፤ ሥዕሉ የድሮ ዘመን ሥዕል ቢሆንም ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በፈረንሳይ በሞንፔልዬ ከተማ ደግሞ ሠላሳ ያህል ሰዎች ዋናውን ሥራ ይዘው፥ የጎደለውን ከውጭ ባለሙያዎች አሟልተው፥ ክሌር ኦብስኩር የተባለውን ጨዋታ በሚያዝያ 2025 አወጡ። በታኅሣሥ ወር በሎስ አንጀለስ በተደረገው በዓልም የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ። ሠላሳ ሰው ያሰናዳው ማዕድ የሺህ ሰው ድግስን በለጠ ማለት ነው።

ስለዚህ ለባለሀብቶቹ የምንለው ይህ ነው። አንዱን ታላቅ ድግስ ስትጠብቁ ቤቱን ባዶ አታቆዩት፤ በመካከሉ ትንንሹ ሥራ ይውጣ፤ ወጣቱም መጨረስን ይልመድበት። ለተጫዋቹም የምንለው አለን። የፀጉር ዘለላ እየቆጠርን «ይህ አነሰ፥ ያ ደበዘዘ» የምንል እኛው ስለሆንን በመዘግየቱ የኛም እጅ አለበት። ጨዋታን በጨዋታነቱ እንመዝነው። በአገራችን በዚህ ሙያ ለመሰማራት ኮምፒዩተር ከፍተው የተቀመጡ ወጣቶች ደግሞ የሩቁን ታላቅ ድንኳን አይተው ተስፋ አይቁረጡ፤ የትልቁን ቤት ግማሽ ከመገንባት የትንሹን ጎጆ ክዳን ማልበስ ይሻላል።

ያ ጎልማሳም የሚጠብቀው ጨዋታ አንድ ቀን በደጁ ይደርስለት ይሆናል፤ ቢደርስለትም ደስ ይለናል። እስከዚያ ድረስ ግን ጢሙን እየተላጨ ከመጠበቅ፥ በመደርደሪያው ላይ ማንም ሳይነካቸው የተቀመጡትን ትንንሾቹን አንሥቶ ቢሞክር የሚያተርፍ ይመስለናል።