ትልቁ ዓሣ ይመለስ፣ ትንሹ ይበላ

የፖቶማክ ወንዝ አሌክሳንድሪያን ታክኮ በሚያልፍበት ጆንስ ፖይንት በተባለው ስፍራ፣ የአሜሪካን ዋና ከተማ ወሰን የሚያመለክተው የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1791 ተተከለ። ዛሬ ከዚያው ስፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ በውድሮው ዊልሰን ድልድይ አጠገብ፣ ለዓሣ አጥማጆች የተሠሩ መድረኮች ይገኛሉ። ከዚህ በስተሰሜን፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚፈሰው ስላይጎ የተባለው ጅረት ደግሞ በኖርዝዌስት ብራንች በኩል ወደ አናኮስቲያ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ፖቶማክ ይገባል። ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው እነዚህ ሁለት ከተሞች በመንገድ ብቻ ሳይሆን በውኃም የተሳሰሩ ናቸው። በአንደኛው ጎዳና ላይ የፈሰሰ ዘይት በዝናብ ታጥቦ በሌላኛው ደጃፍ ያልፋል።

በእነዚህ ውኆች ዳር ዓሣ ማጥመድ በሕግ አነጋገር መዝናኛ ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው፣ ገደቡ የሚወጣው፣ መድረኩም የሚሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። በተግባር ግን ብዙው የተያዘ ዓሣ ወደ ቤት ይገባል፤ ለጎረቤት ይታደላል፤ ለዘመድ ይላካል። ስለ አናኮስቲያ ወንዝ አጥማጆች እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት፣ ከዚያ ወንዝ የተያዘ ዓሣ የሚመገበው ሕዝብ እስከ 17 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ገምቶ ነበር። ከተመጋቢዎቹ ብዙዎቹ መንጠቆ ይዘው የማያውቁ፣ ወንዙንም በቅርብ ያላዩ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ አጥማጅ የዕረፍት ቀን ጉዳይ ሳይሆን የማኅበረሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

የአጥማጅ ክብር የሚለካው በዓሣው ትልቅነት ነው። ፎቶግራፍ የሚነሣው ትልቁ ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበውም እርሱ ነው። የፖቶማክ ሳይንስ ግን ይህን ልማድ ይገለብጠዋል። ለሚበላው ሰው ጤናም ሆነ ለወንዙ ሕይወት የሚበጀው ትንሹን ወስዶ ትልቁን መመለስ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት በዓይን የማይታይ ነው። ፒሲቢ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቁት ኬሚካሎች ለአሥርተ ዓመታት በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮችና በሌሎች መሣሪያዎች ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳይመረቱ አግዳለች። ክልከላው ግን ቀድሞ የፈሰሰውን አልሰበሰበም። ፒሲቢ በቀላሉ አይበሰብስም፤ በውኃ ውስጥም አይሟሟም። ከወንዙ ወለል ደለል ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። በደለሉ ውስጥ የሚኖሩ ትላትሎች ይመገቡታል፤ ትላትሎቹን ትንንሽ ዓሣዎች ይበሏቸዋል፤ ትንንሾቹን ደግሞ ትልልቆቹ ይውጧቸዋል። ኬሚካሉ በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም በየእርከኑ መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ረጅም ዕድሜ የኖረ፣ ሌሎች ዓሣዎችን እየበላ የወፈረ ዓሣ የብዙ ዓመት ክምችት ተሸክሟል ማለት ነው። ሜርኩሪም በዚሁ የምግብ ሰንሰለት እየተጠራቀመ ይወጣል፤ ልዩነቱ በስብ ፋንታ በሥጋው ውስጥ መቀመጡ ነው።

የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ በከተማዋ ክልል ከተያዙ ዓሣዎች መካከል ካርፕ፣ ስትራይፕድ ባስ እና እባብ መሰሉ ኢል ፈጽሞ እንዳይበሉ አሳስቧል። ሌሎቹን፣ ለምሳሌ ሰንፊሽን፣ ኋይት ፐርችንና ብሉ ካትፊሽን፣ በወር ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መመገብ እንደሚቻል ገልጿል። ሜሪላንድና ቨርጂንያም ለየውኃ ክፍሉና ለየዓሣው ዓይነት የራሳቸውን ምክር ያወጣሉ።

ይህ ምክር በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለየ ትርጉም አለው። ብዙ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በብሉይ ኪዳን ሥርዓት መሠረት ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አይበሉም፤ በአገር ቤት አምባዛ ከብዙ ገበታ የሚርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በፖቶማክ ውስጥ የአምባዛ የሩቅ ዘመድ የሆነው ብሉ ካትፊሽ እንደዚሁ ቅርፊት የለውም። ይህን ትቶ ቅርፊት ያለውንና ትልቁን የሚመርጥ ሰው በቀላሉ የሚደርሰው ካርፕና ስትራይፕድ ባስ ላይ ነው፤ ሁለቱም «አይበሉ» ከተባሉት መካከል ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ ለዘመናት ንጹሕ ምግብን ለመለየት ያገለገለ መመዘኛ በዚህ ወንዝ ዳር ብቻውን አይበቃም። ቅርፊት ያላቸውና በምክሩ በመጠን እንዲበሉ የተፈቀዱ ዓሣዎች ግን አሉ፤ ሰንፊሽና ኋይት ፐርች ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም ትንንሽ በመሆናቸው አጥማጆች ይንቋቸዋል። ንቀቱ ግን ቦታውን ስቷል።

ሁለተኛው ምክንያት የዓሣው የራሱ ዘር ነው። ስትራይፕድ ባስ እስከ 30 ዓመት ሊኖር የሚችል፣ በባሕር ተዘዋውሮ በጸደይ ወራት ለመራባት ወደ ቼሳፒክ ወሽመጥ ወንዞች የሚመለስ ዓሣ ነው። ወጣቷ እንስት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ እንቁላል ስትጥል፣ ያረጀችውና የገዘፈችው ግን እስከ ሦስት ሚሊዮን ትጥላለች። አንዲት ትልቅ እንስት ከውኃ ወጣች ማለት የብዙ ወጣቶች ሥራ ተቋረጠ ማለት ነው። የሜሪላንድ ግዛት ይህን በመከራ ተምራለች፤ የዓሣው ቁጥር እጅግ በማሽቆልቆሉ ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ስትራይፕድ ባስ ማጥመድን ሙሉ በሙሉ አግዳ ነበር። ዓሣው አንሠራራ። ነገር ግን ግዛቷ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የምታካሂደው የጫጩት ዓሣዎች ቆጠራ ከ2019 ወዲህ በተከታታይ ከአማካዩ በታች ውጤት አስመዝግቧል። በዚህም የተነሣ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ በወሽመጡ ውስጥ አንድ አጥማጅ በቀን ከአንድ ዓሣ በላይ እንዳይወስድ፣ ያም ከ19 ኢንች ያላነሰና ከ24 ኢንች ያልበለጠ እንዲሆን ወስኗል። ሕጉ ራሱ የላይኛውን ወሰን ያበጀው ትልቋ እናት ወደ ውኃዋ እንድትመለስ ነው።

ይህ ለባሕር ዳር ልጆች እንግዳ ታሪክ አይደለም። በጣና ሐይቅ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ አሥራ አምስት ያህል የቢልጫ ዘሮች ይኖራሉ። ከእነርሱ በርካቶቹ ክረምት ሲገባ እንደ ርብና ጉማራ ወዳሉት ወንዞች እየወጡ ይራባሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ይዞ የተጀመረው ዘመናዊ አሳ ማስገር፣ ዓሣዎቹን ለመራባት በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ እየጠበቀ ያጠምዳቸው ጀመር። ከዚያ ወዲህ የእነዚህ ዘሮች ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ መመናመኑን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ጣናና ፖቶማክ በውቅያኖስ ቢለያዩም ትምህርታቸው አንድ ነው። እንቁላል የተሸከመችውን በመንገዷ ላይ የሚይዝ ሰው የከርሞውን ዓሣ ዛሬ እየበላ ነው።

«ትልቁ ይመለስ» የሚለው ደንብ የማይሠራበት አንድ ዓሣ አለ። ብሉ ካትፊሽ በ1970ዎቹ ለመዝናኛ ዓሣ አጥማጆች ሲባል ወደ ቨርጂንያ ወንዞች የገባ መጤ ነው፤ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሸርጣንና አገር በቀል ዓሣዎችን እየበላ ወሽመጡን አጥለቅልቋል። ሳይንቲስቶችም ሆኑ ባለሥልጣናት በብዛት እንዲወጣ ይፈልጋሉ። እርሱን ለሚበላ ሰው የጤናው ምክር ግን አይለወጥም፤ ለገበታ የሚመረጠው ትንሹ ነው። ትልቁ ወደ ውኃው ባይመለስም ወደ ድስት መግባት የለበትም።

«ስንት ዓመት በላን፣ ምን ሆንን?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው የሚመነጨው የተመረዘ ምግብ ወዲያው ሆድ ያማል ከሚል ግንዛቤ ነው። ፒሲቢና ሜርኩሪ እንዲህ አይሠሩም። ቀስ በቀስ ይጠራቀማሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሰጉትም ገና በማሕፀን ያለውንና በማደግ ላይ ያለውን ሕፃን አእምሮ ነው። እናቲቱ አንዳች ሕመም ሳይሰማት ጉዳቱ በልጇ ላይ ሊደርስ ይችላል። «ወንዙ እኮ ጠርቷል» የሚለውም ከፊል እውነት አለው። ከ1972ቱ የንጹሕ ውኃ ሕግ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ በዋሽንግተን ከመሬት በታች የተቆፈሩት ግዙፍ ዋሻዎችም ከ2018 ጀምሮ ወደ አናኮስቲያ ይገባ የነበረውን የፍሳሽ ቆሻሻ በእጅጉ ቀንሰዋል። ነገር ግን የውኃው መጥራትና የደለሉ መንጻት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደለሉ የግማሽ ምዕተ ዓመት ትዝታ አለው።

ከዚህ የሚከተለው ዓሣ መተው አይደለም። ዓሣ ጥሩ ፕሮቲንና ለልብ የሚበጅ ቅባት ያለው ምግብ ነው። የሚያስፈልገው መምረጥና በአግባቡ ማዘጋጀት ነው። ፒሲቢ በስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቆዳውን መግፈፍ፣ በሆድና በጀርባ በኩል ያለውን ስብ እንዲሁም ጠቆር ያለውን ሥጋ ቆርጦ መጣል መጠኑን ይቀንሰዋል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ዓሣውን ከነቆዳው መጥበስ፣ ጭንቅላቱን ቀቅሎ መረቁን መጠጣት፣ የጠበሱበትን ዘይት ለሌላ ወጥ ማዋል የተለመደ ነው፤ በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ግን ስቡ ከገበታው አይወጣም። በፍርግርግ ላይ ስቡ እየተንጠባጠበ የተጠበሰ ዓሣ ከወጥ ይሻላል። በሥጋ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ግን ቢላዋም እሳትም አያወጣውም፤ ለእርሱ መድኃኒቱ ትንሽ ዓሣ መምረጥና አልፎ አልፎ መመገብ ብቻ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለሕፃናት ከሁሉ የጠበቀው ምክር ሊሠራላቸው ይገባል።

የቀረው የመንግሥትና የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ተናጋሪዎች አገልግሎት በቋንቋቸው እንዲያገኙ ግዴታ ገብታለች። ይህ ግዴታ ከመሥሪያ ቤት መስኮት አልፎ ወደ ወንዙ ዳር መውረድ አለበት። የዓሣው ሥዕል፣ ስሙና «ይበላል» ወይም «አይበላም» የሚለው ቃል በአማርኛ በየመድረኩ ሊለጠፍ ይገባል፤ በወንዙ ማዶና ማዶ ያሉት ሜሪላንድና ቨርጂንያም ይህንኑ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት የብረት ሰሌዳ ነው። ይሁንና ሰሌዳው የሚደርሰው ለአጥማጁ ብቻ ነው። ዓሣው በስጦታ የደረሳት እናት ጋ የሚደርሰው ቃል ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከእድርና ከመገናኛ ብዙኃን መውጣት ይኖርበታል፤ የዓሣ ፍላጎት ከፍ የሚልበት የዐቢይ ጾምና ስትራይፕድ ባስ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ጸደይ አንድ ወቅት ላይ መገጣጠማቸው ደግሞ ጊዜውን ራሱ ያመለክታል። እስከዚያው ድረስ ዓሣ የሚያድል ሁሉ ከዓሣው ጋር ሦስት ነገር አብሮ ቢነግር ይበጃል፦ ዓይነቱን፣ የተያዘበትን ውኃና መጠኑን።