ድምፅ አልባው ጠፈርና የፊልም ነጎድጓድ

«ፊልም ትምህርት ቤት አይደለም፤ ተመልካች የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ የሚቀመጠው ሊደነቅ እንጂ ሊማር አይደለም» የሚል አስተያየት ስለ ጠፈር ፊልሞች በተነሣ ቁጥር ይሰማል። በዚህ አባባል ሳይንሳዊ ትክክለኛነት የውበት ጠላት ነው፤ ትዕይንቱ እንዲያምር እውነቱ መሠዋት አለበት። ይህ ግን ለስንፍና የተሰጠ ሽፋን እንጂ የኪነ ጥበብ መርሕ አይደለም።

ድምፅ የሚያስተላልፈው ቁስ በሌለበት ባዶ ቦታ አይጓዝም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» ግን ባዶውን ጠፈር በፍንዳታ ነጎድጓድ ሞላው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹም ያንኑ ቀዱ። ከዚያ በፊት ግን ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ጠፈሩን ዝም አሰኝቶት ነበር፤ በአንዳንድ ትዕይንቶች የሚሰማው የጠፈርተኛው ትንፋሽ ነው። ከነጎድጓዱና ከዝምታው ይበልጥ የሚያስፈራው የትኛው ነው? መልሱ ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የቀረበው የሪድሊ ስኮት «ዘ ማርሺያን» ከብዙዎቹ የበለጠ ጥንቃቄ የተደረገበት ሥራ ነው። ይሁንና ታሪኩ የሚነሣው መንኮራኩር ሊገለብጥ በተቃረበ የማርስ ማዕበል ነው። የማርስ የአየር ግፊት ከምድር ግፊት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የመጽሐፉ ደራሲ አንዲ ዊርም ስሕተቱን ዐውቆ እንዳስገባው አልካደም።

የደብረ ማርቆስ ተማሪ ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አያሻውም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላውም ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየር እንደሚሳሳ ልጁ ከእናቱ ምድጃ አጠገብ ተምሮታል። በማርስ ያለው እጅግ የሳሳ አየር ብረት እንደማይገለብጥ መምህሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያስረዳው ይችላል። ፊልሙ ግን ከምድጃው አጠገብ የተገኘውን እውቀት መልሶ ይነጥቀዋል። ስሕተቱ ቀላል የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ መጽሐፍ ባነሰበት ቦታ ሥዕሉ የመጀመሪያው መምህር ይሆናልና።

እውነት ትዕይንትን ያደኸያልን? እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ኢንተርስቴላር» የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን የብርሃንን መታጠፍ የሚገልጹ ቀመሮችን ለምስል ባለሙያዎቹ ሰጠ፤ በዚያ ስሌት የተሠራው ብላክ ሆል በሲኒማ ከታዩት እጅግ አስደናቂ ምስሎች አንዱ ሆነ። ተፈጥሮም ራሷ ትመሰክራለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትታይ፣ በጎጃም ደጋም ብርሃኗ ሲደበዝዝ፣ ሰዓቱ አስቀድሞ በደቂቃ ተሰልቶ የታወቀ ነበር። ስሌቱ ግርማውን አልቀነሰውም።

ይህ ሲባል ምናብ ይታሰር ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ምድር በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ተሠርቶ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምብስ» በሰማይ ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ መንኮራኩር ያሳያል፤ እንዴት እንደተንጠለጠለች ግን አያስረዳም። ፊልሙ ተረት ነው፤ ተረትነቱንም አይደብቅም። ሊወቀስ የሚገባው የሳይንስን ካባ ደርቦ ሐሰት የሚያስተምረው ነው።

በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ ቤቶች የሚገኝ የቅኔ መምህር ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ሰሙ ያልተሟላ ቅኔ ያቀረበ ተማሪ «ወርቁ ጥሩ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ሰሙ በተዛባበት ወርቁም ይበላሻል። በጠፈር ፊልምም ሥዕሉ ሰም፣ መልእክቱ ወርቅ ነው።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር አምጥቃለች። ነገ የጠፈር ፊልም የሚሠራ ኢትዮጵያዊ መኖሩ አይቀርም። እርሱ ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት ድርሰቱን ለአንድ የፊዚክስ መምህር ያስነብብ፤ መምህሩም የውጭውን ፊልም በክፍል አሳይቶ «ስሕተቱን ፈልጉ» ይበል፤ የባህል ሠራተኛውም ከፊልሙ ማግስት የውይይት መድረክ ያዘጋጅ። ወጪው ጥቂት ነው፤ ቸልታው ግን የአንድ ትውልድ እውቀት ያስከፍላል።