«ምቀኛ አታሳጣኝ» ጸሎት አይደለም

ይሄን ጽሑፍ የማይወዱልኝ ወዳጆች እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ ባጃጃችሁ ላይ ለጥፋችሁታል፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም አላችሁበት። ቢሆንም ልበለው። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው ነገር ከመስቀልና ከቅዱሳን ሥዕል ጎን ስለተለጠፈ ብቻ ጸሎት አይሆንም። ጌታ ያስተማረን ጸሎት ከክፉ መዳንን ይለምናል። ይሄኛው ግን ክፉ የሚያስብልኝ ሰው አይጥፋ ነው የሚለው። ሲፈታ «እኔ ሲያልፍልኝ ቆሞ የሚቃጠል ሰው ይኑርልኝ» ማለት ነው። በሰው መቃጠል የሚሞቅ ደስታ ምን ዓይነት ደስታ ነው?

የማስተምረው ሒሳብ ነውና አንድ ስሌት አልመጣልኝ ብሏል። «ምቀኛ አለብኝ» የሚል ሰው ስንት ታውቃላችሁ? ሰፈሩ ሙሉ ነው። «እኔ ምቀኛ ነኝ» ያለ ሰውስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁላችንም ተመቅኝተውናል፣ የተመቀኘ ግን አንድም ሰው የለም። ታዲያ ማን ነው ሥራውን የሚሠራው? ንስሐ አባታችን ዘንድ ቀርበን እንኳ ስለ ስካሩም ስለ ዝሙቱም እንናገራለን እንጂ «አባቴ፣ ጎረቤቴ ፎቅ ሲጀምር ሆዴን ቆረጠኝ» የሚል ያለ አይመስለኝም። ጳውሎስ ግን በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 የሥጋን ሥራ ሲዘረዝር ምቀኝነትንና ስካርን በአንድ መስመር ነው ያሰለፋቸው።

(በነገራችን ላይ ቅናት ሁሉ አንድ አይደለም። የጓደኛህን ውጤት አይተህ «እኔም ላንብብ» ካልክ ጎሽ፣ ቅና። «እሱም ባላመጣ» ያልክ ለት ነው ነገሩ የሚበላሸው።)

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 14 ላይ ቅናትን አጥንት ውስጥ ከገባ ነቀዝ ጋር ያመሳስለዋል። ገጠር ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል። ነቀዝ የገባበት ጆንያ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ እጅ ሲከቱበት ግን ገለባና ዱቄት ነው። ንጉሥ ሳኦል እንዲህ ነው የሆነው። ጎልያድ ወድቋል፣ ጦሩ አሸንፏል፣ አገር ከበሮ እየመታ ነው። ያሸነፈው የገዛ መንግሥቱ ነው እኮ! ሴቶቹ በዘፈናቸው ለእሱ ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ስለቆጠሩ ብቻ ቀኑ ጠቆረበት። በነጋታው በገና ይደረድርለት በነበረው ልጅ ላይ ጦር ወረወረ። ልብ በሉ፣ ዳዊት ያን ጊዜ ከሳኦል ላይ የወሰደው አንዳች ነገር የለም። ዙፋኑም ዘውዱም እዚያው ናቸው። የሄደው ሰላሙ ነው። ልጆቹ ዮናታንና ሜልኮል እንኳ ከዳዊት ጎን ቆሙ፣ እሱም ከቀረው ዘመኑ ብዙውን አንድ እረኛ በየበረሃው ሲያሳድድ ፈጀው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለውን ሠራተኛም አስቡት። ጠዋት በአንድ ዲናር ተስማምቶ ወይን አትክልት ቦታው ገባ፣ ማታ ዲናሩን ተቀበለ። አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም። አመሻሹ ላይ ገብቶ አንድ ሰዓት ብቻ የሠራው ሰው እኩል ሲቀበል ሲያይ ግን በእጁ የያዘው ዲናር መረረው። ባለቤቱ ያኔ የጠየቀው ስለ ዓይኑ ነው። ስለ ራሱ ስለ ሠራተኛው ዓይን። እኛ ደግሞ ዓይን ስንፈራ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ዓይን ነው።

ይሄ ፍርሃት ምን እንዳደረገን እዩ። ቪዛ የተመታለት ልጅ አውሮፕላን እስኪሳፈር ድረስ ለአብሮ አደጉ አይነግርም። ነፍሰ ጡሯ ሆዷ እስኪገፋ ትደብቃለች። ቤት የሚሠራው «የወንድሜ ነው» ይላል። የምናርስበትን ማረሻ የሚቀጠቅጠውን፣ የምንበላበትን ድስት የምትሠራውን ሰው «ቡዳ» እያልን ስንት ዘመን አገለልን! ደስታውን የሚደብቅ ሰው ብቻውን ነው የሚደሰተው፣ ብቻ መደሰት ደግሞ ብዙም አይጣፍጥም።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ልምጣ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። ከመቶ ልጅ ከ94 በላይ ሲወድቅ ይሄ የጎረቤት ዓይን ሥራ ሊሆን አይችልም። የትኛው ጎረቤት ነው እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው? ግን በማውቀው አንድ ቤት ልጅቷ ሳታልፍ ስትቀር እናትየው መላ ፍለጋ ሄደች። የሄደችበት ሰው ደብተራ ይሁን ነቢይ አልናገርም፣ ሁለቱም ጋ የሚባለው ያው ነው። «ቤትሽ የምትገባ፣ ቀላ ያለች ሴት» አላት። ቤቷ የምትገባ ቀላ ያለች ሴት አንድ ብቻ ናት። ለሃያ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ፣ ልጅቷን አዝላ ያሳደገች ጎረቤቷ። ቡናው ተቋረጠ። እድር ላይ እንኳ ሰላም አይባባሉም።

ልጅቷን አስተምሬያታለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መሠረታዊ አልጀብራ ያመለጣት ልጅ ናት፣ ከተደገፈች የምትችል። ለማጠናከሪያ ትምህርት ሊሆን የሚችለው ገንዘብ ለሰውዬው ሄደ። አሁን ልጅቷ ዓመቷንም፣ ያዘለቻትን ሴትም አጣች። ንገሩኝ እስቲ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ ቤት ያፈረሰው ማን ነው? ጎረቤቷ ናት?

ይሄን የሚያደርጉ ሰዎች በክርስቶስ ስም ማይክ ይሰጣቸዋል። «ጠላትህ ሲያፍር ታያለህ!» ሲሉ ሕዝቡ በእልልታና በአሜን ይናጋል። «አንተስ ማን ሲወድቅ ነው ውስጥ ውስጡን ደስ ያለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰባኪ ቢመጣ በሚቀጥለው ሳምንት ስንት ሰው ይመለስ ነበር?

«መምህር፣ ምቀኛ እኮ በእውነት አለ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ። ዮሴፍን የገዛ ወንድሞቹ ሸጠውታል። ጌታንም በቅንዓት አሳልፈው እንደሰጡት ጲላጦስ እንኳ ገብቶት ነበር። ግን ዮሴፍን ደግማችሁ አንብቡት። እስር ቤት ሆኖ ለጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ታሪኩን ሲነግር ተሰርቆ መምጣቱን ተናገረ እንጂ ወንድሞቹን አላነሳም። ስማቸውን እየጠራ ሲራገምም አይታይም። የተሰጠውን ሥራ ሠራ። ረሃብ ሲመጣ ለወንድሞቹ እህል የሰፈረላቸው እሱ ነው። ወንድሞቹ ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ አባታቸው ሲሞት እንኳ፣ አሁን ይበቀለናል ብለው ይንቀጠቀጡ ነበር።

ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ምዕራፍ 12 ላይ ሁለት ነገር ያዛል፦ ደስ ከሚለው ጋር ደስ መሰኘት፣ ከሚያለቅስ ጋር ማልቀስ። በሁለተኛው እኛን የሚስተካከለን የለም። ድንኳን እንጥላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ፍራሽ ላይ አብረን እንቀመጣለን። የምንወድቀው በመጀመሪያው ነው። ለቅሶ ለመድረስ ሌሊቱን በመኪና ሲጓዝ ያደረ ሰው፣ የጎረቤቱ ልጅ ስትመረቅ ራሱን ያመዋል። የመምህራን ማረፊያ ክፍልም ከዚህ ነፃ አይደለም። አንዱ የትምህርት ዕድል ሲያገኝ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «በማን በኩል?» ነው።

የዘንድሮ ተፈታኞቼ፣ ውጤት ሲለቀቅ ያለፋችሁ ደብቃችሁ እንዳትሄዱብኝ። መጀመሪያ ጎረቤት ላሉት እናቶች ንገሩ፣ ዳቦ ይደፋላችሁ፣ ይመርቋችሁ። ያላለፋችሁም ስልካችሁን እንዳታጠፉ። ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤት አለሁ፣ አልጀብራውን ከሥሩ እንጀምረዋለን፣ ክፍያ የለውም። ያቺ ልጅም ባለፈው ቅዳሜ መጥታለች።