አራት ሆድ ያላት መኪና

«ዘይት አስቀይሬያለሁ፤ ምንም አታስቢ እማዬ።»

ይህን ያልኩት ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ወደ ደብረ ማርቆስ ልንሄድ ሻንጣ ስንጭን ነው። ዋሽቼ አልነበረም። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ጋራዥ ገብቼ «ሙሉ ሰርቪስ» ብዬ ከፍያለሁ፤ ደረሰኝ ተቀብያለሁ፤ የሚቀጥለው የዘይት ቅያሪ ኪሎ ሜትር የተጻፈባትን ትንሽ ወረቀትም መስታወቱ ጥግ ላይ አስለጥፌ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ሊነዳ፣ እኔ ከጎኑ፣ እናቴና የሦስት ዓመቷ ልጃችን ከኋላ ሆነን ጉዞ ጀመርን።

ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሁሉም ሰላም ነበር። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንያያዘው ግን ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ንብ የገባች መሰለኝ። ባለቤቴ ቤንዚን ሲሰጥ ይጨምራል፤ እግሩን ሲያነሳ ይቀንሳል። እናቴ ምንም ሳትናገር መቁጠሪያዋን አወጣች። ያ ዳገት ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ ነው። ጥግ ይዞ መቆሚያ እንደልብ አይገኝም፤ ከኋላ ደግሞ የጭነት መኪና ይከተላል። ደጀን እስክንደርስ ከተኛችው ልጄ በቀር በደንብ የተነፈሰ ሰው አልነበረም።

ደጀን ላይ ያገኘናቸው መካኒክ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ካርቶን አንጥፈው መኪናዋ ሥር ገቡና የኋላውን ዲፈረንሻል የመሙያ ቡሎን ፈቱት። ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው አወጡ፤ ምንም አልነካትም። የታችኛውን ሲፈቱት ከሁለት ሲኒ ያልበለጠ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ወረደ። ፀሐይ ላይ ሲያዩት የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። የዘይት ማገጃው ጎማ አርጅቶ፣ ማንም ሳያይ ለወራት ሲያንጠባጥብ ኖሯል።

«ዘይት ተቀይሯል እኮ ጋሼ» አልኳቸው፣ ደረሰኜን እያሳየሁ።

«የሞተሩ ነዋ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ይቺ መኪና እንደ ላም አራት ሆድ ነው ያላት። እናንተ ያበላችሁት አንዱን ነው።»

ዲፈረንሻሉ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው አንድ ሊትር እንኳን አይደርስም። አዲስ ዘይት ተሞልቶለት የቀረንን መንገድ በ40 ፍጥነት እየተጎተትን ክርስትናው ላይ ደረስን። አዲስ አበባ ስንመለስ ግን ለኩሽኔታ፣ ለጥርስና ለእጅ ዋጋ የከፈልነው ገንዘብ ከአንድ ወር ደመወዜ በለጠ። ቢዝነስ ተምሬ፣ ስለ ወጪ ቁጠባ ፈተና አልፌ፣ አንድ ሊትር ዘይት ቆጥቤ አንድ ወር ደመወዝ ከፈልኩ። የዚህ ወር ዓምዴ እናንተም ይህንን ስሌት እንዳትደግሙት ነው።

አራቱ ሆዶች የት ናቸው?

የመጀመሪያው የሞተሩ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዲፕስቲክ አለው፣ ችግር ሲኖር ዳሽቦርድ ላይ ቀይ መብራት ያበራል። ሁለተኛው ካምቢዮው ነው። ሦስተኛው ከካምቢዮው የመጣውን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል ነው፤ መካኒኮች ትራንስፈር ይሉታል። አራተኛው ከኋላ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ዲፈረንሻል ነው። የፊቱ ዲፈረንሻል በብዙዎቹ መኪኖች ከካምቢዮው ጋር አብሮ ይቀመጣል። ቪትዝ ወይም ያሪስ በፊት ጎማ የሚጎተተውን የምትነዱ ሦስተኛውና አራተኛው የሉባችሁም። በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና የገዛን ግን ከዳገቱ አቅም ጋር ሁለት ተጨማሪ ሆድ ገዝተናል።

እነዚህ ሁለቱ የሚረሱት ዝምተኞች ስለሆኑ ነው። ዘይታቸው እንደ ሞተሩ ከእሳትና ከጥቀርሻ ጋር ስለማይገናኝ ቶሎ አይቆሽሽም፤ ብዙ ጊዜም የማስጠንቀቂያ መብራት የላቸውም። መናገር የሚጀምሩት ሲያማቸው ነው፤ ያኔ ደግሞ እንደ እኛ አባይ በረሃ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ሁሉም አንድ ዓይነት አይበሉም

ጋራዡ ጥግ ላይ አንድ በርሜል አለ፤ መካኒኩ ከእሱ እየቀዳ ሁሉንም ይሞላል። ይህንን ካያችሁ ጠይቁ። ከ2001 እስከ 2005 የተሠራችውን አውቶማቲክ ራቭ ፎር እንውሰድ። ካምቢዮዋ የሚፈልገው ቀይና ቀጭን የሆነውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ታይፕ ቲ-4 የሚባለውን ነው። ትራንስፈሩና የኋላው ዲፈረንሻል ግን ወፍራም የማርሽ ዘይት ነው የሚፈልጉት። ከእሷ በኋላ የመጡት ብዙ ቶዮታዎች ካምቢዮ ደግሞ ደብሊውኤስ የሚባለውን ይፈልጋል። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ሁለቱም ቶዮታ ናቸው፤ አንዱ የሌላው ምትክ ግን አይደለም።

ሱባሩ ሌላ ጉድ አለው። በማንዋሉ ካምቢዮና የፊቱ ዲፈረንሻል አንድ ዘይት ይጋራሉ። በቆየው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ግን የፊቱ ዲፈረንሻል የራሱ ዘይትና የራሱ ዲፕስቲክ አለው፤ የማያውቅ ሰው የአንዱን ለሌላው ይሰጣል። ሆንዳ ሲአርቪ ደግሞ በብዙዎቹ ሞዴሎች የኋላው ዲፈረንሻል ውስጥ የፍሪሲዮን ሸራ የመሰሉ ክፍሎች ስላሉት ለእሱ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይፈልጋል። ተራ የማርሽ ዘይት ከተደረገበት መሪ ሲታጠፍ ከኋላ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የጎረቤት መኪና የጠጣችውን ለእኛዋ ማዘዝ የጎረቤትን መድኃኒት ለልጅ እንደመስጠት ነው።

ትክክለኛው መልስ ያለው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መጽሐፉ ከሌለ ወይም በማታነቡት ቋንቋ ከሆነ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ወኪሉን ወይም ጥሩ የመለዋወጫ ሻጭ ጠይቁ። የሚነግራችሁን ለእያንዳንዱ ሆድ ለየብቻ ጻፉት።

የጠርሙሱ ፊት ለእኛ፣ ጀርባው ለመኪናው

እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ስለዚህ አንድ የሙያ ምስጢር ላውጣ። የጠርሙስ ፊት የሚጻፈው ለገዢው ስሜት ነው። ተራራ የሚወጣ መኪና፣ ወርቃማ ቀለም፣ «ፕሪሚየም»፣ «አልትራ»። እኔም ዘይት ባልሸጥም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ ጽፌያለሁ። ለመኪናው የተጻፈው ጀርባው ላይ ያለው ደቃቁ ጽሑፍ ነው። እዚያም ቢሆን ቃላት ይለያያሉ፦ መኪና አምራቹ «አጽድቆታል» ማለትና ዘይት አምራቹ ራሱ «ይስማማል» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ፈተና ያለፈ ነው፤ ሁለተኛው ራሱን የሚያስተዋውቅ ነው።

ከጀርባው ሁለት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው ጂኤል የሚል ምልክትና ከጎኑ ያለው ቁጥር ነው። ምደባው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፤ ጂኤል-5 ከጂኤል-4 የተሻለ ይመስለናል። ቁጥር ሲጨምር ጥራት የሚጨምር እንዲመስለን ያለማመድናችሁ እኛው የማርኬቲንግ ሰዎች ነን። ነገሩ ግን የደረጃ ሳይሆን የሥራ ልዩነት ነው። የዲፈረንሻል ጥርሶች በከፍተኛ ጫና አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ይሠራሉ። ጂኤል-5 ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም በብዛት ስለሚጨመርበት ብረቱ ላይ መከላከያ ሽፋን ይሠራል። የማርሽ ዘይት ያ የሚታወቅ ሽታው የድኙ ነው። በብዙ ማንዋል ካምቢዮዎች ውስጥ ግን ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክሉ የናስ ቀለበቶች አሉ። ያ ቅመም ናስን ቀስ በቀስ ሊበላ ይችላል፤ ከመጠን በላይ አንሸራታች ስለሆነም ማርሹ እየተንቋቋ መግባት ይጀምራል። ስለዚህ መመሪያው ጂኤል-4 ካለ ጂኤል-5 ስጦታ አይሆንም። ዲፈረንሻሉ ጂኤል-5 ሲፈልግ ጂኤል-4 ማድረግም ጥርሱን ያለ መከላከያ መተው ነው።

ሁለተኛው ውፍረቱ ነው፤ ለምሳሌ 75ደብሊው-90 ወይም 80ደብሊው-90። የፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ፣ የኋለኛው ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ይናገራል። 75ደብሊው የሚለካው ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ፣ 80ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ነው። ይህ ልዩነት ሚኒሶታ ያለ ወንድም ካላችሁ ለእሱ ይጠቅመዋል፤ የእንጦጦ ብርድ ግን ከሁለቱም አይደርስም። መመሪያው ሁለቱንም ከፈቀደ ለፊተኛው ቁጥር ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ። ለእኛ አገር ዳገትና ሙቀት ቁም ነገሩ የኋለኛው 90 ነው። «90 ከሆነ ከሞተር ዘይት እጥፍ ይወፍራል» የሚሉትንም አትስሙ። መለኪያው የተለየ ስለሆነ ነው እንጂ የማርሽ ዘይት 90 ከሞተር ዘይት 40 ጋር በውፍረት ይቀራረባል።

ጋራዥ ቆማችሁ የምታዩት

ራሳችሁ ቀይሩ አልልም። አጠገቡ ቁሙ ነው የምለው።

መጀመሪያ መኪናው አሥር ደቂቃ ያህል ይነዳ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ሜዳ ቦታ ይቁም፤ ጋደል ብሎ ከቆመ ልኩ ይሳሳታል። ከዚያ ከሁሉም የሚበልጠው ሕግ፦ ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ቡሎን ይፈታ። ለዓመታት ያልተነካ ቡሎን ዝጎ እምቢ ሊል ይችላል። የታችኛው ቀድሞ ከፈሰሰና የላይኛው ካልተከፈተ፣ ዘይት የሌለው ዲፈረንሻል ይዛችሁ ጋራዥ ታድራላችሁ።

የወረደውን ዘይት እዩት። ጠቆር ማለቱ አያስደነግጥም። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። የማፍሰሻው ቡሎን ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ፤ እሱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ብናኝ መኖሩ የተለመደ ነው። ጥፍር የሚያህል ስባሪ ካለ ግን ዘይቱ ብቻውን አያድነውም፤ ዲፈረንሻሉ ተከፍቶ ይታይ። ተጠርጎ ሲገጠም አዲስ ሮንዴላ ይደረግ፤ የአሮጌው ሮንዴላ ቁጠባ ነው ማንጠባጠቡን የሚያመጣው። አዲሱ ዘይት በመሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር በቃ። አሮጌው ዘይት ቦይ ውስጥ እንዳይደፋም እዩ፤ ልጆቻችን የሚጫወቱበት አፈር ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። «ዘይቱ ከተነካ ካምቢዮው ይሞታል» ሲባል ሰምታችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው፣ ባለቤቱ ዘይት ለመቀየር የሚሄደው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ መሆኑ ነው። ያለቀ ካምቢዮ በአዲስ ዘይት አይድንም፤ ጥፋቱ ግን በዘይቱ ይላከካል። ለዓመታት ሳይቀየር ለቆየ ካምቢዮ፣ በማሽን ገፍቶ ከማጠብ ይልቅ ከታች የሚወርደውን ያህል አፍስሶ ያንኑ መሙላት ይመረጣል። እንዲህ ሲደረግ የሚወርደው ሁሉም ስላልሆነ፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይደገማል።

መቼ?

ለኋላው ዲፈረንሻልና ለትራንስፈር የመኪናችሁ መመሪያ የሚለው ይበልጣል። ካልተገኘ እኔ በየ40,000 ኪሎ ሜትር አስቀይራለሁ፤ በየሞተር ዘይት ቅያሪው ደግሞ ጣት አስገብተው ልኩን እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ። «የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚባለውን አትመኑበት፤ አቧራ፣ ዳገትና የጭንቅንቅ መንገድ ያለበት አገር አነዳድ በብዙ መመሪያዎች ላይ «ከባድ» ከሚባለው ይመደባል።

ክረምት ላይ ጎርፍ ካቋረጣችሁ ቅያሪውን አትጠብቁ፤ አስከፍታችሁ አሳዩ። ዲፈረንሻል አየር የሚወጣበት ትንሽ መተንፈሻ አለው። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም በማገጃው ጎማ በኩል ውኃ ይስባል። አራቱ ጎማዎችም አንድ ልክ ይሁኑ። ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ካደረጋችሁ አንዱ ከሌላው ቶሎ ስለሚዞር፣ ያንን ልዩነት የሚያቻችሉት ክፍሎች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ ዘይታቸውም ይጋላል።

እኛ አሁን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አንድ ትንሽ ደብተር አለን። አራት መስመር ብቻ ነው ያላት፦ ሆዱ፣ የሚበላው ዘይት፣ የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ። ዘንድሮ ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንነሳ እናቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ቀበቶዋን እያሰረች ጠየቀችኝ።

«ዘይት አስቀይረሻል?»

«አስቀይሬያለሁ እማዬ።»

«አራቱንም?»

ደብተሯን አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አራቱንም መስመር አነበበችና «በሉ እንሂድ» አለች። አባይን ስንሻገር መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ነበር፤ የዳገቱን አብዛኛውን ግን ተኝታ ነው ያለፈችው።

መልካም መንገድ። የሚቀጥለው ወር ያገናኘን።